ደመወዙ፣ ሌሊቱና ተራው

በጥር ወር፣ በአንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ገርጂ በሚገኝ በአንድ ጡረተኛ መምህር ቤት አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው በሚጠበቅበት ሰዓት፣ የቤቱ የበኩር ልጅ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው የቦይንግ 737 ረዳት አብራሪ፣ ሁለት ወረቀት በጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘርግቶ ነበር፤ አንደኛው በባሕረ ሰላጤው አገሮች ካለ አንድ አየር መንገድ የመጣለት የሥራ ጥሪ ሲሆን፣ ሁለተኛው የዚያ ወር የበረራ ሰሌዳው፣ ሮስተሩ ነው። አባትዬው መነጽራቸውን አድርገው ደብዳቤውን ደግመው ደጋግመው ሲያነቡ፣ እናቲቱ ግን ዓይናቸውን ከሮስተሩ አላነሡም። በዚያ ወረቀት ላይ ያለው ሰዓት ሁሉ በግሪንዊች አቆጣጠር የተጻፈ ስለሆነ፣ ልጃቸው መብረር ከጀመረ ወዲህ ሦስት እየቀነሱ ማንበብን ለምደዋል፤ 0400 የሚለው ለእርሳቸው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፣ 2300 የሚለውም ከሌሊቱ 8 ሰዓት።

ለምክር የተጠሩት ጎረቤት በትዊን ኦተር ጀምረው በ767 አዛዥነት ጡረታ የወጡ ካፒቴን ናቸው። ደብዳቤው ቢቀርብላቸው የደመወዙን መስመር በአውራ ጣታቸው ሸፍነው ቀሪውን አነበቡና ወደ ወጣቱ ዘወር አሉ።

«ስንት እንደሚከፍሉህ አልጠይቅህም፤ ስንተኛ ትሆናለህ?»

«የምን ስንተኛ፣ ጋሼ?»

«የተራው ነዋ! ከፊትህ ስንት ረዳት አብራሪ አለ? አዛዥነቱስ የሚመጣው በተራ ነው ወይስ በሰዎቹ ፈቃድ?»

ወጣቱ መልስ አልነበረውም። እናቲቱ ግን አጋጣሚውን ሳያሳልፉ፣ «ካፒቴን፣ እግዜር ይስጥዎ፣ ይጠይቁልኝማ፤ ለፋሲካስ ይለቁታል?» አሉ።

«እርሱም ያው የተራ ነገር ነው፣ እትዬ» ብለው መለሱላቸው ካፒቴኑ። «ተራ ያለው ከቤቱ ይፈስካል፤ ተራ የሌለው የደረሰበት አገር ይፈስካል።»

ከውጭ ሆኖ ለሚመለከት ሰው የአብራሪ የሥራ ምርጫ የገንዘብ ምርጫ ብቻ ይመስለዋል፤ ብዙ የሚከፍለው ቤት ከተገኘ ወደዚያ መሄድ ነው ብሎ ያስባልና። ዳሩ ግን ሙያውን በቅርብ በሚያውቁት ሰዎች ዘንድ ደመወዝ፣ ኑሮና ዕድገት የሚባሉት ሦስቱ ነገሮች ተለያይተው የሚመዘኑ አይደሉም፤ ሦስቱንም የሚገዛቸው አንድ ነገር አለ፣ እርሱም አብራሪው በገባበት ቤት ውስጥ የሚይዘው ተራ ነው። የእኔም እምነት ይኸው ነው፤ ደመወዝ ከሌሎቹ ሁለቱ ይልቅ ጎልቶ የሚታይ፣ ነገር ግን ከእነርሱ ይልቅ ቶሎ የሚለወጥ ስለሆነ፣ በመጨረሻ ሊጠየቅ የሚገባው እርሱ ነው።

የተራው ሥርዓት ከሁሉ ጠንክሮ የሚታየው በአሜሪካ ነው። በዚያ አገር ከታላላቆቹ አየር መንገዶች በአንዱ የተቀጠረ አብራሪ በተቀጠረበት ቀን መሠረት ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከዚያች ዕለት ጀምሮ የሚያበረው የአውሮፕላን ዓይነት፣ የሚቀመጥበት ወንበር ቀኝ ወይም ግራ መሆኑ፣ የሚነሣበት ከተማ፣ የዕረፍት ቀኖቹ፣ የዓመት ፈቃዱ፣ የልደትን ሌሊት ከልጆቹ ጋር ወይም በሆቴል ማደሩ፣ ይህ ሁሉ ለምርጫ ቀርቦ በዚያ ቁጥር ቅደም ተከተል ይታደላል። በዝርዝሩ ግርጌ ያለው ሰው የተረፈውን ይወስዳል፤ የተረፈ ከሌለም ስታንድባይ ሆኖ ሻንጣውን በበር አቁሞ ስልኩን ይጠብቃል። ከፊቱ ያሉት ጡረታ በወጡ ቁጥር፣ አየር መንገዱም አዳዲስ አውሮፕላኖች በገዛ ቁጥር፣ ያለ ማንም ደጅ ጥናት ወደ ላይ ይወጣል። እንዲህ ያለው ሥርዓት ለብልህ የማያዳላ፣ ለሰነፍም የማይከፋ ነው ተብሎ ቢነቀፍም፣ አብራሪው ለአለቃው ፊት ሳይጨነቅ «ይህ አውሮፕላን አልተስማማኝም፣ አልነሣም» ለማለት የሚያስችለው ስለሆነ፣ እኔ ከበጎ ሥርዓቶች እቆጥረዋለሁ።

ቁጥሩ ግን ከዚያ ቤት ደጃፍ ውጭ ዋጋ የለውም። ይህንንም ለመረዳት ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ የማይሆንብን አንድ ታሪክ አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ ወር 1938 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ሲያደርግ፣ ሙያውን ያስተማረውና አብራሪዎቹን ያቀረበው ቲ.ደብልዩ.ኤ. የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ነበር። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ እንደ ኤሮጳውያን አቆጣጠር በ1957 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አዛዥ እስኪሆኑ ድረስ በግራው ወንበር ይቀመጡ የነበሩት ከባሕር ማዶ የመጡ ሰዎች ነበሩ። እነሆ፣ ያ ገናና ድርጅት በመጨረሻ ዘመኑ ደክሞ በ1993 ዓ.ም. በአሜሪካን ኤርላይንስ ተገዛ፤ ኅዳር 22 ቀን 1994 ዓ.ም. የመጨረሻውን በረራ አደረገ። አብራሪዎቹ ወደ ገዢው ድርጅት ዝርዝር ሲዛወሩ ብዙዎቹ፣ ዓመታት ያገለገሉት ሳይቀሩ፣ ከነባሮቹ ሁሉ በታች ከግርጌ ተጻፉ፤ በዚያው ዘመን የመስከረም 1994ቱ የኒው ዮርክ ጥቃት የአየር ጉዞን ሲያሽመደምደው፣ ቅነሳው ከግርጌ የሚጀምር ነውና፣ ዕጣው በእነርሱ ላይ ወደቀ። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ በወጣትነቱ ሁለት የሥራ ጥሪ ይዞ ቁጭ ብሎ በነበረ ጊዜ፣ የሁለቱን ቤቶች የደመወዝ ልዩነት ከማስላት ይልቅ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የትኛው ቤት ቆሞ እንደሚገኝ ማሰብ ይበጀው ነበር፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ግን ለማንም አልተሰጠም፤ የድርጅቱን ዕዳ፣ የአውሮፕላኖቹን ዕድሜና የባለቤቱን አቋም መመርመር ግን ለሁሉም የተሰጠ ነው።

ወደ ደመወዙ ስንመጣ፣ በደብዳቤ ላይ አንድ ቁጥር ሆኖ የሚታየው ነገር በውስጡ ብዙ ክፍል አለው። በአሜሪካ አብራሪ የሚከፈለው በሰዓት ነው፤ ሰዓቱም መቆጠር የሚጀምረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ሲንቀሳቀስ ስለሆነ፣ ሰነድ ሲያገላብጥ፣ መንገደኛ ሲጠብቅ፣ ዝናብ እስኪያባራ ሲቀመጥ የሚያልፈው ጊዜ በአብዛኛው ያለ ዋጋ ይቀራል፤ ለዚህም ነው ልምድ ያለው ሰው የሰዓቱን ዋጋ ከመጠየቁ በፊት በወር ቢያንስ የስንት ሰዓት ክፍያ ዋስትና እንዳለው የሚጠይቀው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች መነሻ ደመወዙ ላይ የበረራ ክፍያ፣ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ይጨመራል፤ በዱባይም ሆነ በዶሐ ከደመወዝ ላይ የሥራ ግብር አይቆረጥም፣ በእኛ አገር ግን ከፍ ያለ ደመወዝ ያለው ሰው የግብር ጣሪያ 35 በመቶ ነው። ይህ ልዩነት እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። በሌላ ወገን ግን፣ በኢትዮጵያ ለጡረታ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ሲያዋጡ፣ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ የሥራ ሕግ ለስደተኛው ሠራተኛ የሚያዝለት የስንብት ክፍያ ነው፤ እርሱም ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን፣ ከዚያ በኋላ የ30 ቀን ደመወዝ ሲሆን፣ የሚታሰበው ከመነሻ ደመወዙ ብቻ ነው። ስለዚህ በደብዳቤው ላይ ድምሩ ከሚያምረው ይልቅ መነሻ ደመወዙ ከፍ ያለው ውል በፍጻሜው ሊበልጥ ይችላል።

የገንዘቡም ዓይነት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተፈቀደ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ደመወዙ በብር የሚቆጠርለት ባለሙያ ሁሉ፣ ምንም ሳያጠፋ፣ በውጭ ገንዘብ ሲታይ ግማሽ ያህል ደመወዙን ያጣ ያህል ሆነ። አብራሪው በውጭ አገር ሲያድር የሚቀበለው የውሎ አበል በቤተሰቡ በጀት ውስጥ ከፍተኛ ስፍራ የሚይዘውም ለዚህ ነው፤ ስለዚህም በርካታ ሰዎች ከቤታቸው ርቀው ማደርን የሚመርጡት መንገዱን ወደው ሳይሆን አበሉን ፈልገው ነው። ዳሩ ግን የደመወዝ ሠንጠረዥ ለብዙ ዓመት እንደማይጸና የሚያሳይ ተቃራኒ ምሳሌም አለ፤ በየካቲት 2015 ዓ.ም. የአሜሪካው የዴልታ አየር መንገድ አብራሪዎች ያጸደቁት ውል ደመወዛቸውን በ4 ዓመት ውስጥ በጠቅላላው 34 በመቶ ከፍ አደረገው፤ ሌሎቹም ታላላቅ ድርጅቶች ተከተሉ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት «ይህ ቤት አይከፍልም» ብሎ የለቀቀ ሰው ተራውንም ደመወዙንም አጣ።

ኑሮ ያልነው ሁለተኛው ነገር በአብዛኛው የእንቅልፍ ነገር ነው። በብዙ አገር ሕግ አንድ አብራሪ በ28 ቀን ውስጥ ከ100 ሰዓት፣ በ12 ወርም ከ1000 ሰዓት በላይ እንዳይበር ተከልክሏል፤ ይህን የሰማ የቢሮ ሠራተኛ «በወር 100 ሰዓት ብቻ!» ብሎ ይደነቃል። ነገር ግን የበረራ ሰዓት ከሥራ ሰዓት የተለየ ነው፤ አምስት ሰዓት የበረረ ሰው አሥር ሰዓት በዩኒፎርም ሊውል ይችላል፣ ከዚያም በላይ የሚከብደው ሰዓቶቹ በየትኛው የሌሊት ክፍል ላይ እንደሚወድቁ ነው። በቦሌ ወደ ኤሮጳና ወደ እስያ የሚሄዱት ታላላቅ አውሮፕላኖች በእኩለ ሌሊት አካባቢ ይነሣሉ፤ ወደ አፍሪካ ከተሞች የሚሄዱት በብዛት በጠዋት ተነሥተው፣ አብዛኞቹ በዚያው ዕለት ይመለሳሉ። ስለዚህ በ737 የሚበረው ወጣት፣ ድሪምላይነር የተባለውን ትልቅ አውሮፕላን ከሚያበረው ጓደኛው ያነሰ ክብር ያለው ቢመስለውም፣ ብዙውን ሌሊት በገዛ አልጋው ያድራል። ያገባ፣ ልጅ የወለደ፣ አረጋዊ እናት ያለው ሰው ይህን በደመወዝ ልክ ቢያስበው አልተሳሳተም።

የሚያድሩበት ከተማና የሚሠሩበት ከተማ ሲለያዩ የሚመጣውን ፍዳ ዓለም ያየው የካቲት 5 ቀን 2001 ዓ.ም. ምሽት ነው። ከኒው ጀርሲ ኒውዋርክ ተነሥቶ ወደ በፋሎ ይሄድ የነበረው የኮልጋን ኤር 3407 በረራ፣ ለማረፍ በተቃረበ ጊዜ ወድቆ የተሳፈሩት 49 ሰዎችና በምድር የነበረ 1 ሰው አለቁ። ረዳት አብራሪዋ የምትኖረው በሲያትል ከወላጆቿ ጋር ነበር፤ በዓመት ከ25 ሺህ ዶላር በታች እየተከፈላት በኒውዋርክ ዙሪያ ቤት መከራየት የሚታሰብ አልነበረም፤ ስለዚህ ለሥራ ለመድረስ ሌሊቱን በጭነት አውሮፕላን ተሳፍራ ሜምፊስ ወርዳ፣ ከዚያም በሌላ አውሮፕላን አገሪቱን ከዳር እስከ ዳር አቋርጣ መጣች። ዋናው አብራሪ የፍሎሪዳ ነዋሪ ሲሆን፣ ያደረው በኒውዋርክ በሠራተኞች ማረፊያ ክፍል ነበር። መርማሪው ቦርድ የአደጋው መንስኤ ለአውሮፕላኑ ማስጠንቀቂያ ዋናው አብራሪ የሰጠው ተገቢ ያልሆነ ምላሽ መሆኑን ሲወስን፣ ድካም የሁለቱንም ብቃት ሳይጎዳው እንዳልቀረ፣ መጠኑን ግን መለካት እንደማይቻል ጻፈ። እኔ ያንን ሰነድ የማነበው ስለ ደመወዝና ስለ ኑሮ እንደ ተጻፈ መጽሐፍ ነው፤ ትንሹ ክፍያ የሩቅ ቤትን ወለደ፣ የሩቁ ቤት እንቅልፍ ማጣትን ወለደ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት ለአየር መንገድ አብራሪ 1500 የበረራ ሰዓት እንዲያስፈልግ ደነገገ፤ ለዕረፍትም አዲስ ሕግ ወጥቶ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ከሥራ በፊት 10 ሰዓት፣ ከእርሱም ውስጥ ለ8 ሰዓት እንቅልፍ የሚበቃ ጊዜ የግድ ሆነ።

ስለ ዕድገት ከሁሉ ረዘም አድርጌ መናገር የምወደው፣ ወጣቶች የሚሳሳቱት በዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ብዙዎች ዕድገት ማለት ከትንሽ አውሮፕላን ወደ ትልቅ አውሮፕላን መሸጋገር ይመስላቸዋል። በእውነቱ የሙያው ሲመት ከቀኙ ወንበር ወደ ግራው ወንበር መሻገር ነው፤ አዛዥ ሆኖ የተመዘገበ የበረራ ሰዓት በየትኛውም አገር የሚነበብ ምስክር ሲሆን፣ በረዳትነት የተከማቸው ሰዓት ምንም እንኳ ብዙ ቢሆን በዚያ ልክ አይከበርም። ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በጥቅምት 2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት አዛዥ ሲሆኑ፣ ቀደም ሲል በረዳትነት ታላላቆቹን ቦይንጎች ሲያበሩ የኖሩ ናቸው፤ አዛዥነቱን የተቀበሉት ግን ሞተሮቹ ባለ ውልብልቢት በሆነው፣ ወደ ጎንደርና ወደ አክሱም በሚመላለሰው በኪው 400 ነው። በመጠን ቢታይ መውረድ ይመስላል፤ በመዓርግ ግን መውጣት ነው።

ደግሞም የሩቅ መንገድ ረዳት አብራሪ ሌላ ችግር አለበት። ዐሥራ አራትና ዐሥራ አምስት ሰዓት በሚፈጀው በረራ ሦስት ወይም አራት አብራሪዎች እየተፈራረቁ ስለሚበሩ፣ አውሮፕላኑን የሚያሳርፈው ከእነርሱ አንዱ ብቻ ነው። የዓለም አቀፉ ሕግ በ90 ቀን ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ማንሣትና ሦስት ጊዜ ማሳረፍን ስለሚጠይቅ፣ በሩቅ መንገድ የሚውሉ ሰዎች ይህን ለማሟላት ወደ ሲሙሌተር የሚገቡበት ጊዜ አለ። በአንጻሩ በየቀኑ ወደ ጅማ፣ ወደ መቀሌ፣ ወደ ባሕር ዳር የሚመላለሰው ልጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ ያሳረፈው የሌላው የወራት ያህል ይሆናል፤ ያውም በተራራ መካከልና በክረምት ደመና ውስጥ። እጁ የሚበስለው በዚህ ነው። ስለዚህ አዛዥነት ሊደርሰው ሁለት ወይም ሦስት ዓመት የቀረው ሰው፣ በሌላ አገር በትልቅ አውሮፕላን የቀኝ ወንበር ሊጀምር ቢለቅ፣ ብስሉን አዝመራ ሳያጭድ ሌላ ማሳ ሊያርስ እንደ ተነሣ ገበሬ ነው። አዛዥ ከሆነ በኋላ ግን ራሱ የሚለቅም ቢሆን በአዛዥነት የሚቀበሉት ቤቶች ይኖራሉ።

እዚህ ላይ የሚነሣ አንድ እውነት አለ፤ ሊሸሸግም አይገባም። በአገራችን አብራሪ ለመሆን የሚያበቃው ትምህርት በአየር መንገዱ ወጪ የተሰጠ ከሆነ፣ ተማሪው ለተወሰነ ዓመት የሚያገለግልበት ውል ይፈርማል፤ ዋስ መጥራትም የታወቀ ነው። በአሜሪካና በኤሮጳ ያው ትምህርት ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ሊጠይቅ ይችላል፤ ወጣቱም በባንክ ዕዳ ሙያውን ይጀምራል። ሁለቱም ዕዳ ነው፤ አንደኛው በዘመን፣ ሁለተኛው በገንዘብ ይከፈላል። ውሉን ሳይጨርስ የሚለቅ ሰው ዋሱ የሆኑትን አጎቱን ወይም የአባቱን ባልንጀራ በፍርድ ቤት ደጅ የሚያስቆም መሆኑን በኅሊናው ሊመዝን ይገባዋል፤ ይህ በየትኛውም የደመወዝ ሠንጠረዥ ላይ አይጻፍም። በአየር መንገዱም ወገን፣ ልጆቹን በውል ብቻ አስሮ ከመያዝ ይልቅ፣ ሮስተሩን ቀደም አድርጎ በማውጣት፣ ዕረፍቱን በማክበርና የአዛዥነትን ተራ ግልጽ በማድረግ ቢይዛቸው የበለጠ እንደሚጸኑለት አልጠራጠርም።

የ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ደግሞ ማን የት እንደ ቆመ ለይቶ አሳየ። የባሕረ ሰላጤው ታላላቅ አየር መንገዶች አብራሪዎቻቸውን ቀነሱ፤ የሆንግ ኮንጉ ካቴይ ፓሲፊክ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. 5,900 ያህል ሠራተኞችን እንደሚያሰናብት፣ ድራጎን የተባለውን እኅት አየር መንገዱንም እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ለቀሩትም አብራሪዎች ደመወዙ የተቀነሰ አዲስ ውል አቀረበላቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአንጻሩ ከበርካታ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ወንበራቸውን አንሥቶ ጭነት ማመላለስ ጀመረ፤ አብራሪዎቹም መብረራቸውን ቀጠሉ። በባዕድ አገር የሚሠራ ሰው የመኖሪያ ፈቃዱ ከሥራው ጋር የታሰረ ስለሆነ፣ ሥራው በቀረ ጊዜ ቤቱም፣ የልጆቹም ትምህርት ቤት፣ አገሩም አብረው ይቀራሉ። በዚያ ወራት መኪናቸውን በርካሽ ሸጠው፣ ልጆቻቸውን ከትምህርት ገበታ አንሥተው የተመለሱ አብራሪዎች ከብዙ አገር ነበሩ። ይህን የምጽፈው ወጣቶች አይሂዱ ለማለት አይደለም፤ ሄደው ትልቅ ስፍራ የደረሱ፣ ወላጆቻቸውን የጦሩ፣ ወንድሞቻቸውን ያስተማሩ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ብዙዎች ናቸው። የሚሄደው ሰው ግን ከፍ ያለውን ደመወዝ ከፊሉን የዚያ አደጋ ዋጋ አድርጎ ቢያስቀምጠው እንጂ ሁሉንም ለኑሮ ቢያውለው አያዋጣውም።

ከሁሉ ያነሰ የሚታሰበው፣ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሞ እንዲመረመር የምሻው፣ የጤና ነገር ነው። የአብራሪ ላይሰንስ የሚጸናው በጤና ምርመራ ነው፤ በአሜሪካ ሕግ 40 ዓመት ያለፈው አዛዥ በየ6 ወሩ ሐኪም ፊት ይቀርባል፤ በዓለም አቀፍ ደንብ መሠረትም 65 ዓመት የሞላው አብራሪ ዓለም አቀፍ የንግድ በረራ አይበርም። በ24 ዓመቱ የጀመረ ሰው 41 ዓመት አለው ማለት ነው፤ የልብ ምት መዛባት፣ የስኳር ሕመም ወይም የጆሮ ችግር ግን ይህን ዘመን በአንድ ጠዋት ሊያሳጥረው ይችላል። ታዲያ ሥራ ፈላጊው ሊጠይቅ የሚገባው፣ ሐኪሙ «ለጊዜው አትብረር» ባለው ዕለት መነሻ ደመወዙ ለስንት ወር እንደሚቀጥል፣ የላይሰንስ ማጣት ዋስትና መኖሩንና ማን እንደሚከፍለው፣ በምድር ላይ በአስተማሪነት ወይም በሲሙሌተር ሥራ የመዛወር መብት እንዳለው፣ ወደ ሥራ ሲመለስም ተራው ተጠብቆ እንደሚቆየው ነው። ካፒቴኑ በዚያ እሑድ የወጣቱን ደብዳቤ ሲመልሱለት የጎደለ ብለው ያመለከቱት ይህንኑ አንቀጽ ነበር፤ እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በጥሪው ደብዳቤ ላይ ሳይሆን በዋናው ውል አባሪ ውስጥ ስለሆነ፣ ወጣቱ ከመፈረሙ በፊት አባሪውን እንዲልክለት በማግስቱ ለአየር መንገዱ ጻፈ።